የሲሊንደሩ ቁልፍ ማን ዘንድ ነው?

ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበር በኩል ወደ ጨነቅ የሚወጣ መንገደኛ አምባራስን ሳያይ አያልፍም። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስ የሚበቅልበት፣ ሰው በጠዋት ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ የሚሄድበት ስፍራ ነው። ከሩቅ አገር የሚመጣው ጎብኚ የሚያውቀው ጭላዳውንና ዋልያውን ነው። ነገር ግን የአምባራስ ስም በሌላም ነገር በዓለም ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ መሆኑን ከእኛ መካከል የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ይኸውም ስለ ኦክስጅን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በአምባራስ አካባቢ፣ ከባሕር ወለል በላይ በ3530 ሜትር ከፍታ ላይ ተወልደው የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ውጤቱን በ1995 ዓ.ም. አሳትመዋል። በዚያ ከፍታ አየሩ እጅግ የሳሳ ስለሆነ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ብቻ ነው። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖረው ሕዝብ ይህን ጉድለት የሚቋቋመው ደሙ ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን በመብዛቱ ነው። የቲቤት ሰዎች ደግሞ ሄሞግሎቢናቸው ብዙ ከፍ ሳይል በደማቸው ያለው የኦክስጅን መጠን ዝቅ ብሎ ይኖራሉ። የአምባራስ ሰዎች ሲመረመሩ ግን ሄሞግሎቢናቸው አልበዛም፤ በደማቸው ያለው የኦክስጅን ሙሌትም በአማካይ ከመቶ 95.3 ሆኖ ተገኘ፤ ይህም የቆላ ሰው መጠን ነው ሊባል የሚችል ነው። ተመራማሪዎቹም ተደነቁ። አየሩ ሳሳ እንጂ የአምባራስ ሰው ደም አልሳሳም።

ይህን የሰማ ሰው፣ «ታዲያ እንዲህ ላለ ሕዝብ የኦክስጅን ሲሊንደር ምን ይሠራለታል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ ቀላል ነው፤ የተመረመሩት ጤነኞች ናቸው። አንድ ሕፃን በሳንባ ምች ተይዞ የጎድን አጥንቱ መካከል እየጎደጎደ፣ አፍንጫው እየተነፋ ሲተነፍስ የአያቶቹ ደም ብርታት ብቻውን አያድነውም። እንዲያውም በደጋ ላይ አየሩ ራሱ ስስ ስለሆነ ከታመመ በኋላ የሚተርፈው ጊዜ አጭር ነው። ለዚህ ሕፃን ኦክስጅን መድኃኒት ነው፤ እንደ ማንኛውም መድኃኒትም በሐኪም ትእዛዝና በልክ የሚሰጥ ነው።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ጉዳይ ልግባ። አሳቤ ስለ ትምህርት ቤት ነው። «የሐኪም ቤት ዕቃ ከትምህርት ቤት ጋር ምን አገናኘው?» የሚለኝ አንባቢ ቢኖር፣ ያለፉትን ዓመታት እንዲያስታውስ እለምነዋለሁ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መኝታ ቤቶች ወዲያው የለይቶ ማቆያ ሆነው አገለገሉ። አዲስ አበባ ላይ የሚሊኒየም አዳራሽ ሳይቀር አልጋና ኦክስጅን ተዘርግቶበት የሕሙማን ማከሚያ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ጦርነቱ ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት አካባቢ በደረሰ ጊዜ ከቀየው የተፈናቀለው ሕዝብ የተጠለለው የት ነበር? በትምህርት ቤት ነው። ሰፊ ክፍል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አጥርና ውኃ ያለው የመንግሥት ቤት በብዙ ወረዳ እርሱ ነው። ሕዝብ ባለበት ደግሞ ሕሙም አለ፤ ሕሙም ባለበትም ሐኪሙ ሲሊንደሩን አስጭኖ ይከተላል።

ዛሬ በአምባራስ ትምህርት ቤት ውስጥ ሲሊንደር ቆሟል ማለቴ አይደለም። የምለው፣ ክፉ ቀን በመጣ ጊዜ መጀመሪያ የሚከፈተው በር የትምህርት ቤት በር ስለሆነ፣ ሲሊንደሩ በበሩ ከመግባቱ በፊት የሚቆምበት ስፍራና የሚጠብቀው ሰው ይታወቅ ነው። እንግዳ ከመጣ በኋላ አልጋ ፍለጋ መሯሯጥ ለባለቤትም ለእንግዳም አይበጅም።

አንዳንድ ወዳጆቼ፣ «በዚህ ዘመን ከአየር ላይ ኦክስጅን ለይቶ የሚያወጣ መሣሪያ ተገኝቷል፤ ሲሊንደሩ ለምን ያስፈልጋል?» ይሉኛል። ኮንሰንትሬተር የሚባለውን ማለታቸው ነው። መልካም መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን ያለ ኤሌክትሪክ አይሠራም። ብዙዎቹም ለቆላና ለወይና ደጋ ተብለው የተሠሩ በመሆናቸው ከፍታው እየጨመረ ሲሄድ ጉልበታቸው ይቀንሳል። መብራት በሚጠፋበትና አየር በሚሳሳበት አገር የብረቱ ሲሊንደር ገና ሥራውን አልጨረሰም። ስለዚህ አያያዙን ማወቅ ግድ ነው።

እስቲ ይህ ብረት በውስጡ ምን እንደ ያዘ እንመልከት። በብዛት የሚታየው ትልቁ ሲሊንደር ውኃ ቢቀዳበት የሚይዘው 40 ሊትር ያህል ነው። ኦክስጅኑ ግን በ150 አትሞስፌር ግፊት ስለሚታመቅ ወደ 6000 ሊትር ይገባበታል። የመኪና ጎማ የሚነፋው በሁለትና በሦስት አትሞስፌር መሆኑን ያሰበ ሰው የ150ውን ኃይል ይገምተዋል። ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሳለ ጠባዩ እንደ በግ ነው። ወድቆ አንገቱ ላይ ያለው የነሐስ ቫልቭ የተሰበረ እንደሆነ ግን ከ50 ኪሎ በላይ የሚመዝን ብረት እንደ ሮኬት ይወረወራል፤ የጭቃ ግድግዳ ቀርቶ የብሎኬት ግድግዳም አይመልሰውም። በዕረፍት ሰዓት ሦስትና አራት መቶ ልጅ በሚሯሯጥበት ግቢ ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። መከላከያው ደግሞ በደባርቅ ገበያ የሚገኝ ቀላል ነገር ነው፤ ሲሊንደሩን ከወገቡ በላይ አቅፎ ከግድግዳ ጋር የሚያስር ሰንሰለት።

ሁለተኛው ጉዳይ እሳት ነው። እዚህ ላይ ሰው ብዙ ይሳሳታል፤ ኦክስጅን እንደ ቤንዚን የሚነድ ይመስለዋል። ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ የሚያደርገው ሌላውን ማንደድ ነው። የኬሚስትሪ መምህራን ይህን በየዓመቱ ለተማሪዎቻቸው ያሳያሉ፤ ነበልባሉ ጠፍቶ ፍሙ ብቻ የቀረውን ስንጥር ኦክስጅን ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ሲያስገቡት ቦግ ብሎ ይነሣል። ከምንተነፍሰው አየር ኦክስጅኑ ከመቶ 21 እጅ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲሊንደር እያፈሰ ይህ መጠን ሁለትና ሦስት እጅ ብቻ ቢጨምር እንኳ ልብስና ፀጉር ከወትሮው በፈጠነ ሁኔታ ይቀጣጠላል። በጥር 1959 ዓ.ም. አፖሎ 1 በተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኩራኩር ውስጥ ሦስት ጠፈርተኞች ገና ከምድር ሳይነሡ፣ በልምምድ ላይ ሳሉ የሞቱት በንጹሕ ኦክስጅን በተሞላ ክፍል ውስጥ በተነሣ እሳት ነው። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ደግሞ በባግዳድ ከተማ በኢብን አል ኸጢብ ሆስፒታል፣ የኮሮና ሕሙማን በተኙበት ክፍል፣ የኦክስጅን ሲሊንደሮች ፈንድተው ከ80 በላይ ሰዎች አልቀዋል። አሜሪካም ባግዳድም ያሉት ሰዎች ከእኛ ያነሰ ዕውቀት ኖሯቸው አይደለም።

በእኛ አገር ግን ከሌላው ዓለም ይልቅ ልናስብበት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ቅቤ ነው።

አንባቢ አይሣቅብኝ። ቅባት ያለው ነገር ሁሉ፣ ዘይትም ሆነ ግራሶ ወይም ቅቤ፣ በከፍተኛ ግፊት ከሚወጣ ኦክስጅን ጋር የተገናኘ እንደሆነ ክብሪት ሳይጫርበት በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። የፈረንጅ መመሪያ «እጅህ ላይ የሞተር ዘይት አይኑር» ብሎ ይጽፋል፤ ጸሐፊው የሚያስበው ስለ መካኒክ ነውና። በሰሜን ደጋ የሚኖር ሰው ግን ከሞተር ዘይት ጋር የሚገናኘው ስንቴ ነው? ቅቤ ግን ከወጥ አልፎ የጠጉር ቅባት ነው፤ ለራስ ምታትም ይቀባል፤ ለአራስና ለሙሽራም ክብር ነው። ራሷን ለጋ ቅቤ የተቀባች እናት ልጇን አቅፋ ስትመጣ እጇም ነጠላዋም ቅቤ ነክቶታል። ይህች እናት ከልጇ አጠገብ ትቀመጥ፤ ማንም እንዳያባርራት። ቫልቩንና ሬጉሌተሩን ግን እርሷም ሆነች ሌላ ጠያቂ አይንካ። የሚከፍተው ሰው ደግሞ እጁን በሳሙና ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ያድርቅ። የሕፃኑንም ፊት ቫዝሊን ወይም ቅቤ መቀባት በዚያን ጊዜ ይቅር። ቫልቩ ጠብቆ እንቢ ሲል «ትንሽ ዘይት ጠብ አድርግበት» የሚል አዋቂ አይጠፋም፤ እንዲህ ያለውን አዋቂ ከክፍሉ ማስወጣት ነው። መዶሻም እንዲሁ። ቫልቩ በእጅ ቀስ ተብሎ የሚከፈት ነው፤ የሚከፍተውም ፊቱን ከሰዓቱ መስተዋት ዞር አድርጎ ይቁም።

ስለ ቅቤ ካነሣሁ ስለ ቡናም ላንሣ። ጠያቂ ሲመጣ ቡና ይፈላል፤ ከሰሉ ይቀጣጠላል፤ ዕጣኑ ይጨሳል፤ ሕመሙ ሲጠና ጧፍ ይበራል። ይህ ሁሉ ልማዳችን ነው፤ የሚጠላም አይደለም። ነገር ግን ኦክስጅን በሚሰጥበት ክፍል ውስጥ አይሆንም። ምድጃው ወደ ሌላ ክፍል ይሂድ። ደግሞም ጋቢ ኦክስጅንን በድርና ማጉ መካከል ይዞ የሚቆይ ልብስ ነው፤ ከሕመምተኛው አጠገብ ለረጅም ሰዓት የተቀመጠ ሰው ተነሥቶ በቀጥታ እሳት ዳር እንዳይጠጋ፤ ወደ ውጭ ወጥቶ ሩብ ሰዓት ያህል ነፋስ ይቀበል።

እንግዲህ ወደ አቀማመጡ እንመለስ። አንድ ዕቃ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሲገባ ንብረት ክፍሉ በሞዴል 19 ይረከበዋል፤ ከዚያም መጋዘን ያስገባዋል፤ ይቆልፍበታል። ለወንበርና ለጠመኔ ይህ መልካም ሥርዓት ነው። የትምህርት ቤት መጋዘን ግን ለሲሊንደር ከሁሉ የከፋው ቤት ነው። ስሙን በማልጠቅሰው ትምህርት ቤት መጋዘን ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ በአንድ ጥግ የጋዝ ጀሪካን፣ በሌላው የቀለም ቆርቆሮ፣ የተሰባበረ ዴስክ፣ የዘበኛው ጭድ፣ ከላዩ ዶሮ የሰፈረበት የአሮጌ መጽሐፍ ክምር ነበረ። መስኮትም የለው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የሚያፈስ ሲሊንደር ማቆም ማለት ምድጃ አሰናድቶ ክብሪት መጠበቅ ነው። የሲሊንደር ቤት ነፋስ የሚያስገባ፣ ፀሐይ የማይመታው፣ ጋዝና ጭድ የሌለበት፣ ከመማሪያ ክፍልና ከኩሽና ራቅ ያለ ትንሽ ክፍል መሆን አለበት። በሩ ላይ «እሳትና ሲጋራ ክልክል ነው» ተብሎ በአማርኛ፣ በትልቁ ይጻፍ።

ቁልፍስ? የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር እርሱ ነው።

ሲሊንደሩ ካልተቆለፈበት ምን እንደሚሆን እናውቃለን። በብዙ የገጠር ትምህርት ቤት ደወሉ ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። ከቸርኬ ይልቅ ድምፁ የሚያምር ብረት ቆሞ የሚያይ ልጅ በድንጋይ ሳይመታው ያልፋል ብዬ አላምንም፤ ባዶ ነው የተባለውንም ለደወል የሚመኘው ዘበኛ ይኖራል። የከተማው በያጅም ሲሊንደሩን ያውቀዋል፤ እርሱም በሥራው ኦክስጅን ይጠቀማልና «ለሁለት ቀን አውሱኝ» ይላል። ዕቃው ከብየዳ ቤት ሲመለስ ጥርሱ በግራሶ የተለወሰ፣ በውስጡ ያለውም ለሕመምተኛ ይሁን ለብረት የማይታወቅ ይሆናል። ቀለሙም አያድንም፤ ሲሊንደሮች ከልዩ ልዩ አገር ስለሚመጡ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር ሆኖ ትከሻው ነጭ፣ ሌላውም አረንጓዴ ነው። ማመን የሚገባው ቀለሙን ሳይሆን በላዩ የተጻፈውን ነው። ስለዚህ መቆለፉ ተገቢ ነው።

መቆለፉ ግን ሌላ አደጋ ያመጣል፤ ስለዚህኛው አደጋ ደግሞ የሚጽፍ ሰው ብዙ አላየሁም። ሕፃኑ ትንፋሹ የሚያጥረው በሥራ ሰዓት ብቻ አይደለም። ሌሊት በስምንት ሰዓት፣ በእሑድ፣ በገበያ ቀን ነው። በዚያን ጊዜ ቁልፉ ወደ ደባርቅ ወርዶ ባደረው የንብረት ሠራተኛ ኪስ ውስጥ ከሆነ፣ 6000 ሊትር ኦክስጅን በግድግዳ ማዶ ቆሞ ሕፃኑ ያልፋል። ሰነዱ ሲመረመር ግን ጉድለት አይገኝም፤ ንብረቱ በሞዴል 19 ገቢ ሆኗል፤ በመጋዘን አለ፤ ተቆልፏል! ለእኔ ይህ ከሚወድቀው ሲሊንደር የማይተናነስ አደጋ ነው፤ እንዲያውም ጩኸት ስለሌለው ይብሳል። በደኅና የተቀመጠ ሲሊንደር የምለው ቀን ልጆች የማይደርሱበትን፣ ሌሊት ደግሞ የጤና ባለሙያው በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሚያገኘውን ነው።

ስለዚህ ቁልፉ ሁለት ይሁን። አንደኛው ኦክስጅኑን ለመስጠት ሥልጣን ባለው የጤና ባለሙያ እጅ ይኑር፤ ሁለተኛው በታሸገ ፖስታ ሆኖ በግቢው ውስጥ በሚያድር ሰው፣ ማለት በዘበኛው ወይም በግቢው በሚኖረው ርዕሰ መምህር ዘንድ ይቀመጥ። ፖስታው በተቀደደ ቁጥር ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደ ከፈተው በመዝገብ ይጻፍ። መምህራንም በኦክስጅን ሕክምና እንዲሰጡ አልጠይቅም፤ ሥራቸው አይደለም። ለማን ይሰጥ፣ ስንት ሊትር ይሰጥ የሚለው የሐኪሙ ነው። በጣት ላይ ተሰክቶ የኦክስጅንን ሙሌት የሚያነበው ትንሽ መሣሪያ እንኳ እዚያ አገር የራሱ አነባበብ አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት ባወጣው መመሪያ ኦክስጅን የሚያስፈልገው ሙሌቱ ከመቶ ከ90 በታች ለወረደ ሕፃን ሲሆን፣ ከ2500 ሜትር በላይ ለሚኖሩት ግን 87ን መነሻ ማድረግ እንደሚቻል ተጽፏል። ይህን የሚያመዛዝነው ባለሙያ ነው። ከትምህርት ቤቱ የሚፈለገው፣ የኬሚስትሪ ወይም የሳይንስ መምህሩ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ገብቶ ሰንሰለቱን፣ የሰዓቱን ንባብና ማፍሰስ አለማፍሰሱን አይቶ እንዲፈርም ብቻ ነው። ንባቡን ማወቅ ለሒሳብ ይጠቅማል። አንድ ሕፃን በደቂቃ አንድ ሊትር ቢሰጠው ሙሉ ሲሊንደር 100 ሰዓት ያቆየዋል፤ ሰዓቱ ግማሽ ላይ ከሆነ 50 ሰዓት ማለት ነው፤ በደቂቃ አምስት ሊትር ለሚያስፈልገው አዋቂ ሰው ግን ይኸው ግማሽ በአሥር ሰዓት ያልቃል። ጭነት የሚያመጣው መኪና ነገ ይመጣል ወይስ ከነገ ወዲያ የሚለውን መወሰን የሚቻለው ይህ ሲታወቅ ነው።

ስለ ማጓጓዙ ብዙ አልልም። ሲሊንደር በባጃጅ ወንበር ላይ አጋድሞ፣ ወይም በአይሱዙ ላይ ከቅቤ እንስራና ከጋዝ ጀሪካን ጋር ቀላቅሎ መጫን የሚያስከትለው ከላይ ከተነገረው ይታወቃል። መኪና በማይገባበት መንገድ በበቅሎ የሚጫን ከሆነ ትንንሹ ሲሊንደር ይመረጥ፤ ትልቁ ለበቅሎዋም ለነጂውም መከራ ነው። የቫልቩ ክዳን ተጠብቆ ይታሰር፤ ከተራገፈ በኋላም መሬት ላይ እየተንከባለለ አይሂድ።

የሚቀረው የባዶው ነገር ነው። ባዶ የሚባለው ሲሊንደር ጥቂት ግፊት ሳይኖርበት አይቀርም፤ ቫልቩ ተዘግቶ፣ ክዳኑ ተደርጎ፣ ከሙሉዎቹ ተለይቶ ይቁም። በላዩም «ባዶ» ተብሎ ይጻፍበት፤ ጠመኔ በትምህርት ቤት አይጠፋም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። የተጠለለው ሕዝብ ወደ ቀየው ይመለሳል፤ ሐኪሞቹም ይሄዳሉ፤ ትምህርት ይጀመራል፤ ባዶው ሲሊንደር ግን ባለቤት አጥቶ ከአንድ ጥግ ይቀራል። ደወል የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። ወደሚሞላበት ከተማ እንዳይመለስ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ የጭነቱ ሒሳብ ነው፤ ጤና ጽሕፈት ቤቱ «ዕቃው ያለው በእናንተ ግቢ ነው» ይላል፤ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱም «እኛ አላመጣነውም» ይላል። ሁለቱ ጽሕፈት ቤቶች ግን በአንድ ከተማ ያሉ፣ አንዳንዴም በአንድ ግቢ ውስጥ የሚሠሩ ናቸው። እንደ እኔ አሳብ ከሆነ የመመለሻው ኪራይ ከጤናው በጀት ይውጣ፤ ሲሊንደሩ የእርሱ ነውና። ትምህርት ቤቱ ክፍሉን፣ ሰንሰለቱንና ሌሊት የሚነሣውን ዘበኛ ያዋጣ። ይህም በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ ሁለቱም ኃላፊዎች ፈርመውበት፣ ክረምት ሳይገባና መንገዱ ሳይበላሽ በየትምህርት ቤቱ ይላክ።